ነጌቲቩ የት ገባ?

ለቅሶ ቤት ድንኳን ተተክሎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ዘመድ አዝማድ መግባት ሲጀምር አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «ፎቶ አለው?» የሟቹን ፎቶ ማለታቸው ነው። እህት ደረቷ ላይ አቅፋ የምታለቅስበት፣ ድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ መጪው ሁሉ እያየ የሚያነባበት፣ ከአርባው በኋላ ደግሞ ሳሎን ግድግዳ ላይ ወጥቶ ያልደረሱበት የልጅ ልጆች «አያቴ ይኼ ነው» የሚሉት አንድ ፎቶ።

ድሮ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረው። ከሻንጣ ውስጥ አንድ ጉርድ ፎቶ ይወጣል። ጀርባው ሲገለበጥ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር ይገኛል። አንዱ ጎረምሳ ቁጥሩን ይዞ ይሮጣል። ባለፎቶ ቤቱ መሰላል ላይ ወጥቶ አቧራ የጠጣ ካርቶን ያወርዳል፣ ፖስታዎቹን አንድ በአንድ ያገላብጣል፣ ነጌቲቩን አውጥቶ ወደ አምፖል ያሳየዋል። «ይኸው! እሳቸው ናቸው» ይላል። በነጋታው ትልቅና ጥርት ያለ ፎቶ ለቅሶ ቤት ይደርሳል።

ዛሬስ? ሟቹ በሕይወት ሳሉ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ተነስተዋል። በልጃቸው ሰርግ ተነስተዋል፣ በክርስትና ተነስተዋል፣ ጣና ዳር ሻይ ሲጠጡ ተነስተዋል። ሆኖም ስልካቸው ተቆልፏል፤ መክፈቻ ቁጥሩን ይዘውት ሄደዋል። የልጃቸው ስልክ አምና ተሰርቋል። ሰርጉን ያነሳው ባለሙያ «እሱማ ጠፍቷል፤ ያኔ በፍላሽ ሰጥቻችኋለሁ» ይላል። ፍላሹ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። መጨረሻ ላይ ከፌስቡክ የወረደች ትንሽ ፎቶ ትገኝና ስትተልቅ ፊታቸው እንደ ተበተነ ጤፍ ይሆናል። ያም ካልሆነ ከመታወቂያቸው ላይ ይነሳል፤ ግንባራቸው ላይ የቀበሌ ማኅተም እንዳረፈ ይታተማል፣ እንደዚያው ሆነው ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ።

እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ። እንጀራዬ የሚጋገረው ባሕር ዳር ውስጥ፣ በሰርግና በምረቃ ነው። ስለዚህ ይህን የሚያነብ የሙያ ባልደረባዬ «እንጀራችን ላይ አመድ ነሰነሰብን» ቢለኝ አይገርመኝም። ግን ልናገረው፦ እንደ ዛሬ ብዙ ፎቶ ተነስተን አናውቅም። እንደ ዛሬም ለልጅ የምናወርሰው ፎቶ አንሶን አያውቅም። ጥፋቱን በዲጂታል ካሜራ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው፤ ካሜራው አፍ የለውም፣ አይከራከርም። እኔ ግን አልለጥፍበትም። ፎቶ ማንሳት የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ማኖር ነው። ማኖሩን ከሥራው ላይ ቆርጦ የጣለው ሰው እንጂ ማሽን አይደለም።

ይህን ስል በወሬ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ያስቀመጡትን ዜኒት ካሜራ ገዛሁ። ዜኒት የሶቪየት ኅብረት ሥራ ነው፤ እንደ ድንጋይ የሚከብድ፣ ቢወድቅ ወለሉን የሚሰብር ዓይነት። «ዜኒት ኢ» የሚባለው የእኔው ሞዴል ባትሪ የሚባል ነገር አያውቅም። የብርሃን መለኪያው ከግንባሩ ላይ ያለች መስታወት መሳይ ነገር ናት፤ ብርሃን ሲያርፍባት ራሷ ኤሌክትሪክ ታመነጫለች፣ መርፌዋን ታንቀሳቅሳለች። ቀሪውን ሰውዬው ያስብ ነው ነገሩ።

ታዲያ ጣና ዳር ይዤው ወጣሁ። ውኃ ለብርሃን መለኪያ ትልቅ አታላይ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከሐይቁ ላይ ስታንጸባርቅ መለኪያው ዓለም ሁሉ እንደዚያ የበራ ይመስለዋል፤ የታንኳው ቀዛፊ እንደ ከሰል ጠቁሮ ይወጣል። ስለዚህ መለኪያውን ትቼ የድሮ ፎቶ አንሺዎችን ሕግ ያዝኩ። ጠራራ ፀሐይ ከሆነ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ አድርግ፣ ፍጥነቱን ደግሞ ከፊልሙ ቁጥር ጋር አቀራርብ፤ ፊልሙ 100 ከሆነ 1/125ኛ ሰከንድ በቂ ነው። ደመና ከመጣ ቀዳዳውን አንድ እርከን ክፈት። በየፎቶው ቁጥር ሥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የሰውየውን ስም በደብተር እጽፍ ነበር። 36 ፎቶ ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ማጠቡ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። በማውቃቸው ፎቶ ቤቶች ሁሉ ስጠይቅ «ፊልም? አንተ ደግሞ ከየት መጣህ!» ተባልኩ። ራሴ ቤት ማጠብ ጀመርኩ። የጥቁርና ነጭ ፊልም ማጠቢያ ኬሚካል አብዛኛውን ጊዜ 20 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። የባሕር ዳር የሚያዝያ ውኃ ደግሞ ከቧንቧ ሲወርድ ለብ ያለ ነው፤ በለብታ ውኃ ያጠበ ሰው ፊልሙ ከሚገባው በላይ ይበስልበታል። መፍትሔው ከእናቴ ቤት መጣ፤ እንስራ። በእንስራ ያደረ ውኃ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ዴቨሎፐሩ፣ ከዚያ ማቆሚያው፣ ከዚያ ፊክሰሩ፣ ከዚያ በብዙ ውኃ ማለቅለቅ፣ ከዚያ አቧራ በሌለበት መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንደ ቋንጣ መስቀል። የተጠቀምኩበትን ፊክሰር ቱቦ ውስጥ አልደፋም። ከፊልሙ የወጣ ብር አለበት፣ ብር ደግሞ በውኃ ውስጥ ላሉ ፍጥረታት መርዝ ነው። የእኛ ከተማ ቱቦ መጨረሻው ወዴት እንደሆነ አንባቢ ያውቃል።

ነጌቲቩ ሲደርቅ ወደ ዲጂታል ይገባል። ከሥሩ እኩል የተሠራጨ ነጭ ብርሃን አስቀምጬ፣ በዲጂታል ካሜራ ከቅርብ አነሳዋለሁ፤ ኮምፒውተር ላይ ነጩን ጥቁር፣ ጥቁሩን ነጭ አደርገዋለሁ። ከደብተሩ ላይ ስሙንና ቀኑን ወደ ፋይሉ እገለብጣለሁ። አሮጌውና አዲሱ ተጋቡ ማለት ነው።

ሙከራዬ እዚህ አላበቃም። በእነዚያው ሦስት ሳምንታት ያንኑ የሐይቅ ዳርቻ በዲጂታል ካሜራም አነሳሁ፤ ያንኑ ደብተር ይዤ፣ ያንኑ ሥርዓት ጠብቄ። ከዓመት በኋላ ሁለቱንም ፈለግሁ። ሁለቱም በደቂቃ ውስጥ ተገኙ። የማንኛውንም ሰው ስም፣ ቀንና ቦታ መናገር ቻልኩ። ለካ ፎቶውን የሚያኖረው ፊልሙ ኖሮ አይደለም፤ ደብተሩ ነው!

እንግዲህ የመጀመሪያው ጠቤ ከናፋቂዎች ጋር ነው። «ፊልም ነፍስ አለው፣ ዲጂታል ነፍስ የለውም» የሚሉ ወገኖች አሉ። አንዳንዶቹ አሮጌ ካሜራ ገዝተው መደርደሪያ ላይ ያቆሙታል፤ ውስጡ ፊልም ገብቶ አያውቅም። ወጣቶቹ ደግሞ በስልካቸው ባነሱት ፎቶ ላይ ሐሰተኛ ጭረት የሚጨምር፣ ጥግ ላይ በብርቱካናማ ቁጥር የድሮ ቀን የሚጽፍ ማሳመሪያ ይጭናሉ። እውነተኛ ጭረት ያለበት የአያታቸው ፎቶ ቆጥ ላይ ሆኖ አይጥ እየበላው ነው፤ እነሱ ሐሰተኛ ጭረት ይገዛሉ። ይኼ ናፍቆት ሳይሆን ጌጥ ነው።

ደግሞስ ፊልም ምን ቅድስና አለው? ፊልሙ የሚሠራበት አሲቴት የሚባለው ነገር በሙቀትና በእርጥበት ብዙ ሲቆይ ራሱን መብላት ይጀምራል። ካርቶኑን ስትከፍቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታችኋል፤ ያ ሽታ ፊልሙ መሞት መጀመሩን የሚናገር ነው። ከጀመረ አይመለስም፤ ይጨማደዳል፣ ምስሉ ይላጣል። የቀለም ነጌቲቭ ቀለሙ ይለቃል። ጥቁርና ነጩ የተሻለ ዕድሜ አለው፤ ምስሉ የተሠራው ከብር ነውና። ሌንስም ቢሆን ሐይቅ ዳር ባለ ከተማ ክረምቱን በቆዳ ቦርሳው ተዘግቶ ከከረመ ሻጋታ ያበቅላል። ስለዚህ «ነጌቲቩ አለ፣ ምንም አይሆንም» ብሎ መተኛትም አይቻልም።

ዲጂታል ካሜራ እኮ ከሌላ ሰማይ የወረደ ጠላት አይደለም። የመጀመሪያውን የሠራው ራሱ የፊልም ንጉሥ የነበረው የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975። አንድ ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ኮዳክ የፈጠረውን ነገር ከልቡ ሳይይዘው ቆየና እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ከአበዳሪዎቹ ለመጠለል የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ጊዜ ሄዷል፤ ለፊልም ማልቀስ ዋጋ የለውም። ፊልም ጥሎልን የሄደው አንድ ደህና ልማድ ግን ነበር። ፎቶው ከተነሳ በኋላ በእጅ የሚያዝ ነገር ይተርፍ ነበር፤ የተረፈውን ነገር ደግሞ የሆነ ቦታ ማስቀመጥ ግድ ነበር። ባለፎቶ ቤቱ ቁጥር የሚጽፈው ታሪክ ለማኖር አስቦ ላይሆን ይችላል። ደንበኛው ሁለተኛ ኮፒ ሲፈልግ ገንዘብ ስለሚያገኝበት ነው። ይሁን! ለጥቅም ብሎም ቢሆን አኖረ።

ሁለተኛው ጠቤ ከእኔው ቢጤዎች፣ ከባለሙያዎች ጋር ነው።

ሰርግ እናነሳለን። ሙሽሮቹን ጣና ዳር እናወርዳቸዋለን፤ ቬሎዋ ሣር ላይ ይዘረጋል፣ ድሮን ይነሳል፣ አጃቢው ይጨፍራል። በአንድ ቀን 2 ሺህ ፎቶ እናነሳለን። አልበም እንሠራለን፣ ቀሪውን በፍላሽ እንሰጣለን። ከዚያስ? ወሩ ሳይሞላ ዲስኩ ይጠባል፤ የሚቀጥለው ሰርግ መጥቷል። ስለዚህ የአበበና የአልማዝ ሰርግ ይጠፋል፣ የከበደና የአስቴር ሰርግ ይገባል። የሰው ትዳር በሰው ትዳር ላይ ይጻፋል።

«ማስቀመጫ ውድ ነው» ትሉኛላችሁ። እስቲ አብረን እናስላ። 2 ሺህ ፎቶ፣ እያንዳንዱ 25 ሜጋባይት ቢሆን 50 ጊጋባይት ይመጣል። ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ እንዲህ ያለ 40 ሰርግ ይይዛል። ግን ማን ነው 2 ሺውንም አኑር ያለው? ከ2 ሺው ውስጥ ዓይኑን የጨፈነውን፣ የደበዘዘውን፣ አሥራ አምስት ጊዜ የተደጋገመውን ስታወጡ 300 ደህና ፎቶ ቢቀር ነው። 300ው 7.5 ጊጋባይት ነው፤ በዚያው ዲስክ ላይ ከ260 ሰርግ በላይ ይገባል። በሁለት ዲስክ ብትገለብጡት ወጪው ለ260 ደንበኛ ይካፈላል። ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ምን ያህል እንደሆነ የሰርግ ዋጋችንን የምናውቅ እኛ ብንናገረው ያሳፍራል።

እውነቱን ለመናገር ችግሩ የዲስክ ዋጋ አይደለም፤ መምረጥ መስነፉ ነው። በፊልም ጊዜ 36 ብቻ ስለነበረ ምርጫው ከመነሳቱ በፊት ያልቅ ነበር። አሁን ምርጫው ከተነሳ በኋላ መጥቷል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይን የሚያደክም ሥራ ሆኗል። ማንም አይከፍልበትም፣ ማንም አያመሰግንበትም። ስለዚህ ይዘለላል።

የፋይል ስም ነገር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ካሜራ ለፎቶ የሚሰጠው ስም ሦስት አራት ፊደልና አራት አኃዝ ነው፤ 9999 ሲደርስ ተመልሶ ከ0001 ይጀምራል። ብዙ በሚያነሳ ባለሙያ እጅ በዓመት ውስጥ አንድ ስም ያላቸው ብዙ ሰዎች ይፈጠራሉ። ሰዓቱም ያው ነው። ባትሪው ብዙ ጊዜ ወጥቶ ከቆየ አንዳንዱ ካሜራ ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል፤ የዘንድሮው ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2000 ዓመተ ምሕረት ጥር 1 የተነሳ ሆኖ ይመዘገባል። በትክክል ቢሞላም የፈረንጅ ሰዓትና ቀን ነው የሚጽፈው። እናትየው «ልጄ ክርስትና የተነሳው በኅዳር፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው» ትላለች፤ ፋይሉ ታኅሣሥ መባቻ ሊልና ሰዓቱን 7 ሊያደርገው ይችላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ግን በፎልደሩ ስም ላይ «ኅዳር 2015፣ ክርስትና፣ ቀበሌ እንዲህ፣ የእነ እገሌ ቤተሰብ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከሌለ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚያስታርቃቸው አይኖርም።

«ቴሌግራም ላይ አለ» የሚል መልስም ሰልችቶኛል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ የተላከ ፎቶ ይጨመቃል፤ ቀኑንና ሰዓቱን የያዘው መረጃም ይራገፋል። እንዳለ እንዲደርስ ከተፈለገ እንደ ፋይል መላክ ይገባል። ይኼን ስንት ባለሙያ ለደንበኛው ይነግረዋል?

ሦስተኛው ጠቤ ጠለቅ ያለ ነው፤ ነገሩ ከአንድ ቤተሰብ አልፎ የከተማ ስለሆነ።

ባሕር ዳር ወጣት ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ በሶቪየት ኅብረት ትብብር ፖሊቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሲያመነጭ ካሜራ ነበረ። የከተማዋ ዋና ዋና ነገር ሁሉ የሆነው በካሜራ ዘመን ነው ማለት ነው። ጎንደርን የፎቶ ልጅ ናት ማለት አይቻልም፤ ባሕር ዳርን ግን ይቻላል። ያ ሁሉ የታለ? የመንግሥት ባለሥልጣን ሪባን ሲቆርጥ የተነሳው የሆነ ቦታ ይገኝ ይሆናል። የፈታይ ሴቶቹ፣ የመጀመሪያዎቹ የፖሊቴክኒክ ተማሪዎች፣ በእሑድ ከሰዓት ሱፍ ለብሰው ሐይቅ ዳር የተነሱት ጎረምሶች፣ ታንኳ የሚቀዝፉት፣ እንጨት ይዘው ከዘጌ የመጡት ግን ያሉት በአንድ ቦታ ነው፤ በየፎቶ ቤቱ ካርቶን ውስጥ።

አንድ ፎቶ ቤት ሲዘጋ አይቻለሁ። ስሙን አልጠራም። ባለቤቱ ካረፉ በኋላ ቤቱ ለሌላ ንግድ ተፈለገ። ነጌቲቩ በጆንያ ወጥቶ በር ላይ ቆመ። የተወሰነውን ለምኜ ወሰድኩ፤ ቀሪውን በነጋታው ስመለስ አላገኘሁትም። ወራሾቹን አልወቅስም። ማን ነው «ይኼ ዋጋ አለው፣ አምጡልን» ብሎ የነገራቸው? የት ወስደው ይስጡት?

ዋጋውን ሌሎች ያውቁታል። በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ ሴይዱ ኬይታ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1948 ፎቶ ቤት ከፈተ። ጉርድና ሙሉ ቁመና ያነሳ ነበር፤ እንደኛዎቹ ፎቶ ቤቶች። ነጌቲቩን አስቀመጠ። ያ ተራ የደንበኛ ፎቶ ከአርባ ዓመት በኋላ ዓለም የሚሰለፍለት ኤግዚቢሽን ሆነ። የአገሩ ልጅ ማሊክ ሲዲቤም የሰፈር ጭፈራና የወጣት ፎቶ ሲያነሳ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2007 በቬኒስ ቢየናሌ የወርቅ አንበሳ ተሸለመ። እኛ ዘንድም ምልክቱ አለ። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች አንዱ የነበሩት ሽመልስ ደስታ ወደ ለንደን ሲሰደዱ ነጌቲቮቻቸውን ይዘው ስለወጡ ነው ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ለንደን ላይ ለዕይታ የበቃው። በአዲስ አበባም «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ሥራ ከየቤቱ ሻንጣና አልበም የተለመኑ ፎቶዎችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2018 መጽሐፍ አደረጋቸው። ሰዎቹ ንጉሥ አልነበሩም፤ እናቶቻችንና አጎቶቻችን ነበሩ።

«እኛ ጣና ዳር ያለን ሰዎች የማኖር ባህል የለንም» የሚለኝ ካለ ግን አልቀበልም። ከየትም በላይ ማኖር የሚታወቀው እዚህ ነው! የክብራን ገብርኤልና የዳጋ እስጢፋኖስ መነኮሳት ብራና ለመቶ ዓመታት አኑረዋል፤ ከእሳት፣ ከምስጥና ከወራሪ። የፊልም ካሜራም ለዚሁ ሥራ ወደ ደሴቶቹ ገብቶ ያውቃል። ምሁሩ ኤርነስት ሐመርሽሚት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ የጣና ገዳማትን ብራናዎች በማይክሮ ፊልም አነሱ፤ የክብራን ገብርኤል ብራናዎች ዝርዝር የያዘው መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1973 ታተመ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮ ፊልም ሥራ በአገር ደረጃ ተጀምሮ፣ አብዮቱም መጥቶ ሳይቆም፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች በፊልም ተነሱ፤ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንዱ ቅጂ አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ። ያ ፊልም በኋላ ወደ ዲጂታል ተገልብጦ ዛሬ ተማሪው ከቤቱ ሆኖ ያነበዋል። አስተውሉ፤ ፊልሙ ብቻውን አላዳነም፣ ዲጂታሉም ብቻውን አላዳነም። ያዳነው እያንዳንዱ ጥቅል ቁጥር ስለነበረው፣ ቁጥሩ መዝገብ ላይ ስለተጻፈ፣ ቅጂው ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ስለተቀመጠ ነው። ለብራና የተደረገው ለሰው ፊት ቢደረግ ምን ይከለክላል?

ሐይቁ ራሱ ምስክር ይፈልጋል። እምቦጭ ጣና ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ዳርቻው ከዚያ በፊት ምን ይመስል ነበር? ደንገሉ እስከ የት ነበር? ውኃው የት ድረስ ይመጣ ነበር? ለዚህ ከባለሙያ ጥናት ጎን አንዱ ማስረጃ ሰዎች ሐይቁን ጀርባቸው አድርገው የተነሱት የእሑድ ፎቶ ነው። ፎቶ አንሺው ያነሳው ሙሽሪትን ነው፤ ከኋላዋ ግን ጣና አለ። አዲሱ 380 ሜትር የሚረዝመው የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ሲመረቅ በድሮንም በስልክም ተነሳ። ከእነዚያ ሁሉ ፎቶዎች ውስጥ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚከፈቱት ስንት ናቸው? አሮጌው ድልድይ ላይ ቆመው ከተነሱት ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ያንሱ ይሆን ብዬ እሰጋለሁ።

አንድ ሙግት ይነሳብኛል፤ ተገቢም ነው። «የሰው ፊት የሰው ገመና ነው፤ ያልፈቀደ ሰው ፎቶ ለምን ይቀመጣል?» ልክ ነው። ማኖርና ማሳየት ግን ሁለት ነገር ነው። ነጌቲቩን ማኖር ግድግዳ ላይ መስቀል አይደለም፣ ፌስቡክ ላይ መለጠፍም አይደለም። ባለፎቶ ቤቱ ድሮ ካርቶኑን ለመንገደኛ አይከፍትም ነበር፤ ቁጥር ይዞ ለመጣ ባለቤትና ለቤተሰቡ ነው የሚከፍተው። የሚያስፈልገው ያ ሕግ ነው። መጀመሪያ ይዳን፤ ማን ይየው የሚለው ቀጥሎ በባለቤቱ ፈቃድ ይወሰን። ገመና ነው ተብሎ በጆንያ ሜዳ ላይ ከተጣለው ነጌቲቭ በላይ የተጋለጠ ገመና የለም።

ምን ይደረግ? ትልቅ ሕንፃ አልጠይቅም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራንም የኮምፒውተር ተማሪዎችም አሉት። አንድ ደረቅና ቀዝቃዛ ክፍል፣ አንድ ስካነር፣ አንድ መዝገብ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልጉ ተማሪዎች፤ ይህ ይበቃል። የከተማው አስተዳደር ደግሞ አንድ ማስታወቂያ ያውጣ፦ «ፎቶ ቤት የምትዘጉ፣ ነጌቲቩን አትጣሉ፤ እዚህ አምጡ»። አሮጌዎቹ ባለፎቶ ቤቶች ሳያልፉ ይጠየቁ። ነጌቲቩ ላይ ያለው ሰውዬ ማን እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ስም የሌለው ፊት ግማሽ ፎቶ ነው።

ባለሙያው ደግሞ ሦስት ነገር ይያዝ። ምረጥ፣ ስም ስጥ፣ ከአንድ በላይ ቦታ አኑር፤ ሁለት ዲስክ፣ አንዱ ከሱቅህ ውጪ። ዲስኩንም በየጥቂት ዓመቱ ወደ አዲስ ገልብጥ፤ ዲስክ እንደ በሬ ነው፣ ያረጃል።

እናንተስ፣ ቤተሰቦች? ለእናንተ ያለኝ ምክር ከዜኒቱ የተገኘ ነው። በዓመት 36 ፎቶ ምረጡ። አንድ የድሮ ፊልም ያህል፤ ከዚያ አይበልጥ። ለመስከረም፣ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ልጆቹን ሰብስባችሁ ከስልካችሁ ውስጥ 36ቱን አውጡ። የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይሂድ ተባባሉ፤ ደግሞ ሳቅ አለው። አሳትሟቸው። ከጀርባቸው ስም፣ ቀንና ቦታ በእስክሪብቶ ጻፉ። በአሥር ዓመት 360 ፎቶ ይሆናል። ስልኩ ቢሰረቅ፣ ዲስኩ ቢቃጠል፣ ክፉ ቀን መጥቶ ከቤት በጥድፊያ መውጣት ቢያስፈልግ በአንድ እጅ ተንጠልጥሎ የሚወጣ ነገር ነው።

ሰርግ፣ ክርስትና ወይም ምረቃ ካለባችሁ ደግሞ ለፎቶ አንሺው ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነ አትጠይቁት። ድሮን አለህ ወይ አትበሉት። እንዲህ ብላችሁ ብቻ ጠይቁት፤ «ከአሥር ዓመት በኋላ ብንመጣ ታገኝልናለህ?» ከዚያ ፊቱን እዩ።